በልጆቻችን መጽሐፍ ላይ ያለው ስም

(ደብሊን ውስጥ በኢትዮጵያውያን ወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ጥቂት ብቻ ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ! የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ከኋላ የተደረደራችሁ ወጣቶችም እንዲሁ፤ ስልኩን ዝጉ አልላችሁም፣ ድምፁን ብቻ ቀንሱልኝ። ቡናውን ላፈሉልን እናቶች እጃችሁ ይባረክ። በዚህ ዝናብ ከስዎርድስም ከታላም ድረስ መምጣታችሁ ቀላል ነገር አይደለም።

የዛሬውን ርዕስ የሰጣችሁኝ እናንተው ናችሁ። ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ የመማሪያ መጽሐፋችንን የሚያሳትመውን የፎለንስን ድርጅት ያቋቋመው ሰው ናዚ ነበር አሉ፣ እውነት ነው እንዴ? ብላ ጠየቀችኝ፤ ምን ልበላት?» አሉ። አዳራሹ ዝም አለ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። ታሪክ ስለማነብ ይሆናል፤ ወይም የምሠራውን ሥራ ስለምታውቁ ይሆናል። አስተርጓሚ ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ። ብዙዎቻችሁ እዚህ አገር በገባችሁ ሰሞን መጀመሪያ የሰማችሁት አማርኛ የእኔ ሳይሆን አይቀርም። ይህን የማነሣበት ምክንያት አለኝ፣ እደርስበታለሁ።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ሰውየው ማን ነው፣ የመጣባትስ አገር ምን ላይ ነበረች? ሁለተኛ፣ ዋናው እሱ ነው፣ በጦርነቱ ጊዜ ብራሰልስ ውስጥ የሠራው ሥራ። ሦስተኛ፣ መጽሐፎቹን ምን እናድርጋቸው? ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ። ሰዓት ካጠረ የማሳጥረው ሦስተኛውን ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምናገረው፣ አትቀየሙኝ።

እንግዲህ ሰውየው አልበርት ፎለንስ ይባላል። ልጆች ያላችሁ ሁሉ ስሙን አይታችሁታል፤ መጽሐፉ ሽፋን ላይ ነው ያለው። በ1916 ፍላንደርስ ተወለደ። ፍላንደርስ ማለት የቤልጂየም ሰሜኑ ክፍል ነው፣ ደችኛ የሚነገርበት፤ ሰዎቹ ፍሌሚሽ ይባላሉ። ልብ በሉ፣ 1916 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መካከል ነው፤ አገሩ በጀርመን ተይዛለች። ሕፃኑ ዓይኑን የገለጠው በወራሪ አገዛዝ ሥር ነው።

የፍላንደርስን ቅሬታ ሳናውቅ ይህን ሰው ማወቅ አንችልም። ማወቅ ስል ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱን አታምታቱብኝ። ቤልጂየም ስትመሠረት መንግሥቱም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ሠራዊቱም በፈረንሳይኛ ነበር። ገበሬው ፍሌሚሽ፣ ዳኛው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ። በጦር ሜዳ ወታደሩ በብዛት ፍሌሚሽ፣ መኮንኑ በብዛት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ። ፍሌሚሾች የመኮንኑን ትእዛዝ ስላልተረዱ ብቻ አለቁ የሚል ታሪክ ከዚያ ወጣ። የታሪክ ምሁራን በጣም የተጋነነ ነው ይሉታል፤ ግን የተጋነነ ታሪክም ሰው ያሳድጋል። የፎለንስ ትውልድ በዚያ ታሪክ ነው ያደገው። ጌንት ዩኒቨርሲቲ፣ በፍላንደርስ መሀል ያለ ዩኒቨርሲቲ፣ በደችኛ ብቻ ማስተማር የጀመረው በ1930 ነው። በ1930! ልጁ አሥራ አራት ዓመት ሊሞላው ነው።

በቋንቋህ መማር መብትህ ነው ሲባል ማን ይጠላል? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ጥያቄ የማያውቅ ሰው የለም፤ እያንዳንዳችን ከየቤታችን ይዘነው መጥተናል። ችግሩ ቅሬታው አልነበረም። ችግሩ ቅሬታውን ይዘው የማን በር ላይ እንደቆሙ ነው።

በ1933 ስታፍ ደ ክለርክ የሚባል ሰው የፍሌሚሽ ብሔርተኛ ፓርቲ አቋቋመ፤ ፓርቲው ቀስ በቀስ ወደ ፋሺስቱ ጎራ ሄደ። ግንቦት 1940 ጀርመን ቤልጂየምን ወረረች። በ18 ቀን አለቀ፣ ንጉሡ እጅ ሰጡ። ጀርመኖች ከዚያ ምን አደረጉ? ከተማረኩት ወታደሮች አብዛኞቹን ፍሌሚሾች ወደ ቤታቸው ሰደዱ፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹን ዋሎኖች ግን እስረኛ አድርገው አቆዩ። ከፋፍሎ መግዛት ማለት ይኸው ነው። ለእኛ ሊያስረዱን አያስፈልግም፤ የጣሊያንን አምስት ዓመት አያቶቻችን አይተዋል።

ሰኔ 1941 ሂትለር ሶቪየት ኅብረትን ሲወር፣ በሳምንታት ውስጥ የፍላንደርስ ሌጌዎን የሚባል ጦር ተመለመለ። ብዙዎች የገቡበት ምክንያት አንድ አልነበረም። ኮሙኒዝምን እንዋጋለን ያለ አለ፣ ቄሱ የመረቀው አለ፣ ከጦርነቱ በኋላ ፍላንደርስ ነፃ ትወጣለች ያለ አለ። ያገኙት ግን የናዚ ፓርቲ ጦር የሆነውን የኤስኤስን ትእዛዝ፣ ለሂትለር መሐላ፣ የሌኒንግራድን በረዶ ነው። ፎለንስ ከእነዚያ አንዱ ነበር። ይህ አያከራክርም።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ፤ ይህን ሳልናገር ብሄድ አባቴ ከመቃብር ይቆጣኛል። አባቴ የወለጋ ሰው ነው፣ የደምቢ ዶሎ። ያኔ ሳዮ ትባል ነበር። ልጅ ሆነን ስለ ጦርነቱ ሲያወራን እንግሊዝን ብቻ አይጠራም፣ «የኮንጎ ወታደሮች» ይል ነበር። ከራሱ የፈጠረው ይመስለን ነበር። በኋላ ሳነብ ለካ ደረቅ ሐቅ ነው! አገሪቱ በጀርመን ስትያዝ ከቤልጂየም የቀረው ትልቁ ጦር በቅኝ ግዛቷ በኮንጎ ያለው ነበር። ኮንጎዎቹ ወታደሮች በቤልጂየም መኮንኖች እየተመሩ በሱዳን በኩል ተሻግረው ገቡ። አሶሳን ያዙ፣ ጋምቤላን ያዙ፣ ከዚያ ወደ ሳዮ ወጡ። ሐምሌ 1941 መጀመሪያ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ ለቤልጂየሙ ጄኔራል ለዢልያርት እጁን ሰጠ።

ጊዜውን አያችሁት? ያው ሐምሌ! ብራሰልስና አንትወርፐን ውስጥ ወጣቶች ለሂትለር ጦር ስማቸውን ሲያስመዘግቡ፣ ሌሎች ቤልጂየሞች የእኛን አገር ከፋሺስት ለማውጣት ወለጋ ውስጥ ይዋጉ ነበር። ለመሆኑ ሸክሙን ማን ተሸከመ? ኮንጎዎቹ ናቸው፤ ነፃነት የሌላቸው ሰዎች ለሌላው ነፃነት ሞቱ። ያ ራሱን የቻለ ንግግር ነው፣ ሌላ ቀን ጥሩኝ። ዛሬ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ዘመኑ ነው፣ ሌላ ምርጫ አልነበረም» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ሳዮን አሳየዋለሁ። ያው አገር፣ ያው ወር፣ ሌላ ምርጫ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ዋናው እሱ ነው ብያችኋለሁ።

ፎለንስ ከሌጌዎኑ በኋላ ብራሰልስ ውስጥ ለጀርመን የጸጥታ ፖሊስ ሠርቷል። የክርክሩ እምብርት ይህ ነው። ተቃዋሚዎቹ «ጌስታፖ ነበር»፣ የናዚ ምስጢር ፖሊስ ነበር፣ ይላሉ። እሱና ቤተሰቡ «አስተርጓሚ ነበር፣ ከዚያ ያለፈ አይደለም» አሉ። ከጦርነቱ በኋላ የቤልጂየም ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ እስር ፈረደበት። ቅጣቱን ሳይጨርስ በ1940ዎቹ መጨረሻ አየርላንድ ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ፦ አስተማሪ ሆነ፣ በ1958 ከባለቤቱ ጋር ማተሚያ ድርጅቱን አቋቋመ፣ በ2003 እዚሁ አየርላንድ አረፈ።

በ2007 የአየርላንድ ቴሌቪዥን ከጦርነቱ በኋላ እዚህ ስለተጠለሉ ናዚዎችና ተባባሪዎች ፕሮግራም ሠራ። ያቀረበው ካሃል ኦሻነን ነው፤ አይሪሽ ሆኖ በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ አየር ኃይል የተዋጋ ጋዜጠኛ። የፎለንስ ባለቤት ጉዳዩን ፍርድ ቤት ድረስ ወሰዱት። ፕሮግራሙ ግን ታየ፣ አገር ተነጋገረበት። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ሁለት ቦታ ነው የቆመው። አንዱ ወገን «ናዚ ነው፣ አለቀ» ይላል። ሌላው «አስተርጓሚ ብቻ ነው፣ አለቀ» ይላል። እኔ የምላችሁ ሁለቱም ቦታ ላይ ምንም አላለቀም ነው።

«ብቻ»። ይህችን ነገር ልንገራችሁ፤ ሥራዬ ነው፣ ከእኔ በላይ ማን ይንገራችሁ?

የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ክፍል ታውቁታላችሁ፤ ስንቶቻችሁ ተቀምጣችሁበታል። ትንሽ ክፍል ናት። ጠረጴዛ፣ ውኃ በላስቲክ ብርጭቆ፣ የሶፍት ካርቶን። መርማሪዋ ኮምፒውተሯ ላይ ነች፣ እያየች የምትጽፈው ስክሪኑን ነው። ሰውየው ማንን ያያል? እኔን። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ይጠየቃል፣ እሱ ጋ የሚደርሰው ግን በእኔ ድምፅ ነው፣ በእናቱ ቋንቋ። «ለምን ቀደም ብለህ አልወጣህም?» ስለው ያልኩት እኔ ነኝ። «ይህ ቅድም ካልከው ጋር አይጋጭም ወይ?» ስለው ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ እንዲህ ካለ ረጅም ቃለ መጠይቅ በኋላ ሰውየውን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘሁት። ሰላም አልኩት። ዞር አለብኝ። ጥቂት ቆይቶ፣ ፊቱን ሳይመልስ፣ «ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፤ ያ ሁሉ ጥያቄ ግን ካንተ አፍ ነው የወጣው» አለኝ። አልተቀየምኩትም። እውነቱን ነው።

እና አስተርጓሚ ምን ያደርጋል? ቃል ማመላለስ ብቻ ይመስላችኋል? ሰውየው «እ... ምናልባት... አላስታውስም» ሲል፣ ያን «ምናልባት» እንደ «ምናልባት» ማድረስ አለ፣ እንደ «አዎ» ማድረስም አለ። የደከመው ሰው እረፍት እንዲሰጠው ለመርማሪዋ መናገር አለ፣ ዝም ማለትም አለ። እኔ ክፍል ውስጥ ጠበቃ ሊኖር ይችላል፣ ቃሉ ተነቦ ይስተካከላል፣ ይግባኝ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራው ካላማረኝ ነገ «በቃኝ» ብዬ መውጣት እችላለሁ።

አሁን ወደ ብራሰልስ ውሰዱት። የጀርመን የጸጥታ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት አቬኑ ሉዊዝ በሚባለው ሰፊ መንገድ ላይ ነበር፣ ቁጥር 453። ምድር ቤቱ እስር ቤት ነው። ብራሰልሶች ያን ቤት ምን ያህል ይፈሩትና ይጠሉት እንደነበር ለማወቅ አንድ ነገር ይበቃል። ጥር 20 ቀን 1943 ዣን ደ ሴሊ ሎንሻን የሚባል ከእንግሊዝ አየር ኃይል ጋር የሚበር ቤልጂየማዊ አብራሪ፣ ያለ አለቆቹ ፈቃድ ከተመደበበት መስመር ወጥቶ በመንገዱ ላይ ዝቅ ብሎ በረረና ሕንፃውን በመትረየስ ደበደበው። ማዕረጉን ቀነሱበት፣ ኒሻን ደግሞ ሸለሙት! ሁለቱንም። (ሳቅ) ዛሬ ሐውልቱ እዚያው መንገድ ላይ ቆሟል።

ጀርመኖቹ እዚያ ቤት ውስጥ ብዙ አልነበሩም። የከተማውን ሰው ቋንቋ የሚያውቁት ደግሞ ከእነሱም ጥቂቱ ናቸው። ታዲያ ሥራው በምን ይሄዳል? በአገሬው ሰው። ደጃፍ ላይ የጥቆማ ደብዳቤ ይመጣል፣ «ጎረቤቴ ሬዲዮ ይሰማል»፣ «እዚያ ቤት አይሁድ ተደብቋል» የሚል። አንድ ሰው አንብቦ ወደ ጀርመንኛ ካልመለሰው ያ ደብዳቤ ወረቀት ነው። የተያዘው ሰው ይጮኻል፣ ይለምናል፣ ይዋሻል፤ አንድ ሰው ካልመለሰው ጩኸት ነው። ያ አንድ ሰው ሲጨመርበት ነው ወረቀቱ ትእዛዝ የሚሆነው። ከሜኸለን ከተማ፣ ዶሲን ከሚባለው የጦር ሰፈር፣ ከ1942 እስከ 1944 ከ25,000 በላይ አይሁዶችና ከ350 በላይ ሮማዎች፣ ጂፕሲ ይባሉ የነበሩት ሕዝቦች፣ በባቡር ወደ አውሽዊትዝ የሞት ካምፕ ተጭነዋል። የተመለሱት ከመቶው አምስት ያህሉ ብቻ ናቸው። እነዚያን ሰዎች ከየቤታቸው ለማግኘት የጥቆማ ደብዳቤ ያነበበ ሰው ነበር።

ይህን ያደረገው ፎለንስ ነው አላልኩም። ደግሜ ልበለው፣ እዚህ የተቀመጠ ሰው ነገ ሄዶ «እንዲህ አለ» እንዳይለኝ፦ አላልኩም። ጋዜጣ ሲተረጉም የዋለ ሰውም እዚያ ቤት ደሞዝ ይበላል፣ ምርመራ ክፍል የሚገባውም ይበላል። ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። የምለው ይህ ነው፦ «አስተርጓሚ ነበርኩ» ማለት መልስ አይደለም፤ የሚቀጥለውን ጥያቄ የሚከፍት በር ነው። ምን አስተረጎምክ? ማን ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ነበር? ሰውየው ከዚያ ወጥቶ የት ሄደ? በሁለተኛው ቀን ለምን ተመለስክ?

የዚያ ወገን ሰዎች፣ ተከላካዮቹ፣ አንድ ተገቢ ነገር ያነሣሉ፣ ልስጣቸው። ቴሌቪዥኑ እሱን ያቀረበው ከእነ አንድሪያ አርቱኮቪች፣ ከእነ ፒተር ሜንተን ጋር ነው ይላሉ። አርቱኮቪች የክሮኤሺያ ፋሺስት መንግሥት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ነው፣ በሐሰት ስም ደብሊን ተደብቆ የኖረ። ሜንተን ዋተርፎርድ አጠገብ ትልቅ ቤት የነበረው፣ በኋላ በ1941 በተፈጸመ የአይሁዶች ጭፍጨፋ በገዛ አገሩ በሆላንድ የተፈረደበት ሀብታም ነው። ከእነዚህ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ ለአንድ አስተርጓሚ ከባድ ነው፤ እውነት ነው፣ መጠን አለው። ግን ደግሞ መጠኑ ሲያንስ ዜሮ አይሆንም።

ሌላም የሚሉት አላቸው። ቤልጂየም ከጦርነቱ በኋላ ከ400,000 በላይ ዶሴ ከፈተች፣ 242 ሰዎችን ረሸነች፤ ብዙ ፍሌሚሾች ይህን እንደ ፍትሕ ሳይሆን ፈረንሳይኛ ተናጋሪው መንግሥት እንደተበቀላቸው አድርገው ነው ያዩት። የተቆጡበትም ምክንያት አለ። በመጋቢት 1946 አንድ ሌሊት፣ በዲክስሙደ ከተማ ለፍሌሚሽ ሟቾች የቆመውን የመታሰቢያ ግንብ በድማሚት አፈረሱት። የአንደኛው ጦርነት ሟቾች መታሰቢያ! እንግዲህ እንዲህ ባለ አየር የተሰጠ ፍርድ ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ መማል አይቻልም። እሺ። ይህም ቢሆን ግን መልሱ ዶሴውን መክፈት ነው እንጂ ዶሴውን ረስቶ በመጽሐፍ ሽፋን መፍረድ አይደለም።

ለምን አየርላንድ መጡ? የሚለውን በአጭሩ ልንካው። ገለልተኛ አገር ነበረች። ሂትለር በሞተ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደ ቫሌራ ግንቦት 2 ቀን 1945 ደብሊን የነበረውን የጀርመን መንግሥት መልእክተኛ ቤቱ ድረስ ሄደው አጽናኑ፤ ዓለም ጉድ አለ። በጦርነቱ ጊዜ ይህች አገር ለአይሁድ ስደተኛ በሯን ጠበብ አድርጋ ነበር የያዘችው፤ በኋላ ግን ከተሸናፊው ወገን ለመጣ ካቶሊክ፣ ትንሿን ቋንቋውን ለሚወድ ብሔርተኛ፣ ፈታ አለች። የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው የሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ ሰዎች፣ ብሬቶኖችም መጡ፣ ፍሌሚሾችም መጡ። እኔ በዚህ አገር የጥገኝነት ክፍል ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝና፣ ማን በቀላሉ እንደገባ ማን እንዳልገባ ሳነብ ትንሽ ይከነክነኛል። ይህን ብቻ ብዬ ልለፈው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ መጽሐፎቹ።

ፎለንስ አስተማሪ ሆኖ ነው የጀመረው፤ ፈረንሳይኛ ያስተምር ነበር። በ1958 ድርጅቱ ሲቋቋም ትንሽ ነገር ነው። ከዚያ በ1966 የትምህርት ሚኒስትሩ ዶና ኦማሊ ሁለተኛ ደረጃ ነፃ ይሆናል ብለው አስታወቁ፣ በ1967 ተጀመረ። ከዚያ ቀደም ከአንደኛ ደረጃ በኋላ ወደ እርሻ ወይም ወደ መርከብ ይሄድ የነበረ ልጅ ሁሉ ክፍል ገባ። ክፍል የገባ ልጅ መጽሐፍ ይፈልጋል። ድርጅቱ በዚህ ማዕበል ላይ ነው ያደገው። አይሪሽ ቋንቋ ላይም ብዙ ደክሟል። እንዲያውም በአይሪሽ ለልጆች የሚሆን ኢንሳይክሎፒዲያ ለማሳተም ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ተነጋግሮ፣ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ሚኒስቴሩ ወደ ኋላ ሲል ከሰሰው። ውል አልተፈረመም፤ ፍርድ ቤቱ ግን ለደከመበት ይከፈለው አለ። የሕግ ተማሪዎች እዚህ ካላችሁ ይህን ክስ ክፍል ውስጥ ታነቡታላችሁ። ስሙ እንግዲህ በሁለት ዓይነት ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ አለ፣ አንዱን ሰው ያውቀዋል፣ አንዱን አያውቀውም።

ቋንቋው ተጨቁኖ ያደገ ሰው፣ ሌላ የተጨቆነ ቋንቋ ሲያገኝ ወደደው። ይህ ከልብ ነበር፣ ማስመሰል ነው አልልም። ብዙ ሰው ግራ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ሰው የአንዱን ሕዝብ ቋንቋ ከልቡ ወድዶ፣ በዚያው ፍቅር ስም ሌላውን ሕዝብ ለሚያጠፋ ማገልገል ይችላል።

ለልጆቻችን ምን እንበላቸው? የእኛን አገር ምሳሌ ልስጣችሁ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ሰው ናቸው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በ1908 ሮም ያሳተሙት እሳቸው ናቸው። ጣሊያን ሲወረን ከጣሊያን ጋር ቆሙ። ከነፃነት በኋላ ጅማ ተግዘው እዚያው በ1947 አረፉ። ታዲያ መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት አወጣነው? አላወጣነውም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይነበባል። ባንዳነታቸውንስ ረሳነው? እሱንም አልረሳንም፤ እኔ ተማሪ ሳለሁ መምህራችን ስለ መጽሐፉ አንድ ሰዓት አስተምሮ፣ ደወል ሊደወል ሲል «ሰውየው ደግሞ እንዲህ ነበሩ» አለን። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ ተማሪ «ታዲያ ለምን አስነበቡን?» አለ። መምህሩ «አንብበህ እንድትጠይቀኝ» አለው። ያ ተማሪ ለረጅም ጊዜ ተናዶ ቀረ፤ አሁን ሲገናኘኝ ግን የሚያነሣው ያንን ክፍል ነው።

ስለዚህ እናቶች፣ ልጃችሁ ስትጠይቅ «ዝም በይ፣ የጥንት ወሬ ነው» አትበሏት። «ናዚ ነው፣ መጽሐፉን ጣይው» ም አትበሏት። የሒሳብ መጽሐፉን ዛሬ የጻፉት ሌሎች አስተማሪዎች ናቸው፣ አብዛኞቹ ጦርነቱ ሲያልቅ አልተወለዱም። የሚባለውን በሙሉ ንገሯት፦ በሂትለር ጦር ውስጥ ነበረ፣ ለጀርመን ፖሊስ ሠርቷል፣ አገሩ ፈርዶበታል፣ ተሰዶ መጥቶ የአይሪሽ ልጆችን መጽሐፍ አሳተመ። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ይሸከማል። የማይሸከመው ግማሹ ሲነገረው ነው፤ ቀሪውን ከስልኩ ላይ ሲያገኘው እናንተን ነው የሚጠራጠረው።

ስለ ዶሴው ተናግሬ ልጨርስ። የቤልጂየም የጦር ፍርድ ቤት መዛግብት ለብዙ አሥርት ዓመታት ያለ ልዩ ፈቃድ የማይነኩ ነበሩ። ከዚህ የተነሣ ቤተሰብ የሚለውና ጎረቤት የሚለው ብቻ ነበር የሚሰማው። አሁን ነገሩ እየተለወጠ ነው። በ2017 የፍሌሚሽ ቴሌቪዥን የተባባሪዎችን ልጆች አቅርቦ ስለ አባቶቻቸው አናገራቸው፤ ሽማግሌዎች ናቸው፣ አንዳንዶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የተናገሩት። ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ የአያቱን ዶሴ ማየት ፈለገ። መዛግብቱን የያዘው የመንግሥቱ ቤተ መዛግብት ነው፤ ጥያቄ ይጻፋል፣ ምክንያት ይገለጻል፣ ይጠበቃል። ጉዳዩን በጋዜጣ ከመነታረክ ይህኛው መንገድ ይሻላል።

እንዲህ ዓይነት ዶሴ ውስጥ ሰው ምን መፈለግ አለበት? እኔ በሙያዬ የማይበት ዓይን ይኸው ነው። በየትኛው ክፍል ተመድቦ ሠራ፣ ደብዳቤና ጋዜጣ ላይ ነው ወይስ ምርመራ ላይ? ከመቼ እስከ መቼ? በእሱ ላይ የመሰከሩት እነማን ናቸው፣ ባልደረቦቹ ናቸው ወይስ ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡ ሰዎች? ይህ የመጨረሻው ለእኔ ትልቁ ነው። ጠረጴዛው ማዶ የነበረ ሰው አስተርጓሚውን አይረሳም፤ መርማሪውን ሊረሳ ይችላል።

ብራሰልስና አንትወርፐን ዘመድ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። እዚያ የተወለዱት ልጆቻችን ደችኛውንም ፈረንሳይኛውንም እንደ ውኃ ያነቡታል። ታሪክ የሚያጠና አንድ ልጅ ካለ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ላጣ፣ ይኸው ርዕስ። አድራሻዬን በሩ ላይ ካሉት እትዬ ዘንድ ትቼዋለሁ። አሁን ማይኩን ለጠያቂዎች ልስጥ፤ ከፊት ለፊት እጃቸውን ያነሡት አባት ቀድመዋል፣ እሳቸው ይጀምሩ።